ኮዱ ይሠራል፣ መልሱ ግን ልክ አይደለም፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከተለያዩ የፕሮግራም ቋንቋዎች የመጡ ቢሆኑም አብዛኞቹን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ስህተት አለ ሳይል ፕሮግራሙን እስከ መጨረሻው ያስኬዳል፣ የሚወጣው መልስ ግን ጠያቂው ከጠበቀው የተለየ ነው። እንዲህ ያለው ችግር መሀል መንገድ ላይ ከሚቆም ፕሮግራም የበለጠ ያደክማል፤ የቆመ ፕሮግራም ቢያንስ የቆመበትን መስመር ይናገራልና። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ኮምፒውተር ላይ ሲያስገቧቸው ግን ቋንቋው በሚያውቀው የላቲን አጻጻፍ ይሁን።

ጥያቄ፦ የሽያጭ ደረሰኝ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌያለሁ። የዕቃዎቹን ዋጋ ደምሬ ደንበኛው ከከፈለው ገንዘብ ጋር ሳወዳድር፣ እኩል መሆናቸውን በዓይኔ የማያቸውን ቁጥሮች አንዳንድ ጊዜ «እኩል አይደሉም» ይለኛል። ነገሩን ለማጣራት 0.1 እና 0.2 ብደምር 0.30000000000000004 የሚል መልስ ሰጠኝ። የተበላሸው ኮምፒውተሬ ነው ወይስ ፓይተን?

መልስ፦ ሁለቱም ደኅና ናቸው። ይህንኑ ድምር በጃቫስክሪፕት ወይም በጃቫ ቢሠሩት ያንኑ ረጅም ቁጥር ያገኛሉ፤ ምክንያቱም ሁሉም ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች የሚያስቀምጡት እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣውና አይትሪፕልኢ 754 በሚባለው ስምምነት መሠረት ነው።

ምሥጢሩ ያለው ቁጥሩ በሚጻፍበት መደብ ላይ ነው። እኛ በአሥር መደብ ስንጽፍ አንድን ለሦስት ብናካፍል 0.3333 እያለ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ይወጣል፤ ወረቀታችን ሲያልቅ ቆርጠን እንተወዋለን። ኮምፒውተሩ የሚጽፈው በሁለት መደብ ስለሆነ እንዲህ ያለ ዕዳ የሚገጥመው በሌላ ቁጥር ላይ ነው። አንድ አሥረኛ በሁለት መደብ ሲጻፍ 0.0001100110011 እያለ 0011 ያለማቋረጥ ይደጋገማል። ማሽኑ ለቁጥሩ አኃዞች 53 ቢት (የ0 ወይም የ1 ቦታ) ብቻ ስላለው ከዚያ በኋላ ያለውን ወደሚቀርበው አጠጋግቶ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ 0.1 ብለው የጻፉት ቁጥር ገና ከመጀመሪያው ከአንድ አሥረኛ በጥቂቱ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የማይታየን ቋንቋው ሲያትመው አሳጥሮ ስለሚያሳየን ነው።

ልዩነቱ ኢምንት ነው ብሎ ማለፍ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የነበረው የፓትርዮት ጸረ ሚሳይል ሥርዓት ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አሥረኛ ነበር፤ አንድ አሥረኛን የያዘውም በ24 ቢት ተቆርጦ ነው። ማሽኑ ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ ያ የተቆረጠው ጥቂት ነገር ተጠራቅሞ የሰከንድ ሲሶ ያህል ሆነ፤ ሥርዓቱም የመጣውን ሚሳይል በሌለበት ቦታ ሲፈልግ 28 ወታደሮች ሞቱ።

ወደ ደረሰኝዎ እንመለስ። ገንዘብን ነጥብ ባለው ቁጥር አይያዙ። ቀላሉና እኔም የምመርጠው መንገድ ገንዘቡን በትንሹ አሃዱ፣ ማለትም በሳንቲም፣ እንደ ሙሉ ቁጥር መያዝና ነጥቡን ለሰው በሚታይበት ጊዜ ብቻ ማስገባት ነው። የወለድና የግብር ስሌት ያለበት ሥራ ከሆነ በፓይተን «ዴሲማል»፣ በጃቫ «ቢግዴሲማል»፣ በዳታቤዝ ሠንጠረዥም «ዴሲማል» የሚባለውን ዓይነት ይጠቀሙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፤ ዴሲማል(0.1) ብለው ከጻፉ የሚሰጡት አስቀድሞ የተበላሸውን ቁጥር ስለሆነ 0.1000000000000000055511151231257827 እያለ የሚቀጥል ነገር ይደርስዎታል። ቁጥሩን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርገው ዴሲማል("0.1") ሲሉ ብቻ ነው ንጹሕ አንድ አሥረኛ የሚያገኙት።

ስለ ማጠጋጋትም አንድ ነገር ልጨምር፤ የፓይተን «ራውንድ» 2.5ን ወደ 2፣ 3.5ን ወደ 4 ያጠጋጋል። እኩል መሀል ላይ የሚገኘውን ቁጥር ወደ ቅርቡ ተጋማሽ ቁጥር የሚወስድ ደንብ ነው፤ ትምህርት ቤት ከተማርነው ስለሚለይ የሒሳብ ሠራተኛው ሲጠይቅዎ መልሱን ይዘው ይጠብቁት።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። ፕሮግራሜ ሲሰናከል ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል። ከየት ጀምሬ ላንብበው?

መልስ፦ በፓይተን ከታች ይጀምሩ። የመጨረሻው መስመር የስህተቱን ዓይነትና ምክንያት ይናገራል፤ ከእሱ ወደ ላይ እየወጡ እርስዎ ራስዎ የጻፉት ፋይል ስም መጀመሪያ የሚገኝበትን መስመር ይፈልጉ። በጃቫ ደግሞ የስህተቱ ስም ከላይ ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ ታች ሲወርዱ «ኮዝድ ባይ» የሚል መስመር ካገኙ እውነተኛው ምክንያት የሚገኘው በመጨረሻው «ኮዝድ ባይ» አጠገብ ነው። በሲ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) 40 ስህተት ከደረደረ የመጀመሪያውን ብቻ ያርሙና እንደገና ያስኬዱ፤ አንዲት የተረሳች ነጠላ ሰረዝ የቀሩትን 39 ልትወልድ ትችላለች።

ጥያቄ፦ በፓይተን የጻፍኩት ፈንክሽን በመጀመሪያው ጥሪ በትክክል ይሠራል። በሁለተኛው ጥሪ ግን የቀድሞውን ውጤት ጨምሮ ያመጣል። ባዶ ዝርዝር እንደ መነሻ ዋጋ ሰጥቼዋለሁ፤ ታዲያ ለምን ባዶ ሆኖ አይጀምርም?

መልስ፦ የላኩት ፈንክሽን አጥሮ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፤ ስሙ «መዝግብ» ነው፣ የሚቀበለው «ዕቃ» እና «ዝርዝር=[]» ነው፣ ሥራው ዕቃውን ዝርዝሩ ላይ ጨምሮ ዝርዝሩን መመለስ ነው። መዝግብ("ሀ") ብለው ሲጠሩት ["ሀ"] ይመልሳል። ቀጥለው መዝግብ("ለ") ሲሉት ግን ["ሀ", "ለ"] ይላል። (በነገራችን ላይ ፓይተን 3 የቫሪያብልና የፈንክሽን ስም በፊደላችን ቢጻፍ ይቀበላል፤ ለማስተማሪያ ደስ ይላል፣ ከሌሎች ጋር ለሚጋሩት ኮድ ግን አልመክረውም።)

ፓይተን የመነሻ ዋጋውን የሚፈጥረው ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር አይደለም፤ «ዴፍ» የሚለውን መስመር ባነበበበት ቅጽበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ባዶ ዝርዝር አንድ ብቻ ነው፤ ሁሉም ጥሪዎች በእሱ ላይ ይጽፋሉ። መፍትሔው መነሻውን «ነን» (ምንም የለም የሚል ዋጋ) ማድረግና በፈንክሽኑ ውስጥ «ዝርዝሩ ነን ከሆነ አዲስ ባዶ ዝርዝር ፍጠር» ማለት ነው። በዚሁ ምክንያት የአሁኑን ሰዓት እንደ መነሻ ዋጋ የሚያስገባ ሰው ፕሮግራሙ የተነሣበትን ሰዓት ቀኑን ሙሉ ሲመዘግብ ይውላል። ጃቫስክሪፕት በዚህ ረገድ ተቃራኒ ነው፤ መነሻውን በየጥሪው አዲስ ያደርገዋል። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው የሚሳሳተውም እንዲህ መልክ አንድ ሆኖ ትርጉም ሲለያይ ነው።

ባለ ሦስት በሦስት የጨዋታ ሰሌዳ [[0]*3]*3 ብለው ሠርተው አንዱን ሕዋስ ሲቀይሩ በሦስቱም ረድፍ ከተቀየረብዎት የዚሁ ዘመድ የሆነ ችግር ነው፤ ሦስት ረድፍ መስሎ የታየዎት አንድ ረድፍ ሦስት ጊዜ የተጠቀሰ ነው።

ጥያቄ፦ በጃቫ የሁለት ሰዎችን መለያ ቁጥር በሁለቱ የእኩል ምልክቶች (==) አወዳድራለሁ። ስሞክረው ሠርቷል፤ ተጠቃሚዎች ሲበዙ ግን አንድ የሆኑ ቁጥሮችን «የተለያዩ ናቸው» ማለት ጀመረ።

መልስ፦ «ተጠቃሚዎች ሲበዙ» ያሉት ቃል መልሱን ይዟል። ገምቼ ልናገር፤ ችግሩ የጀመረው ከ128ኛው ተጠቃሚ ነው።

ጃቫ ለሙሉ ቁጥር ሁለት ዓይነት አላት። በትንሽ ፊደል የሚጀምረው «ኢንት» ቁጥሩ ራሱ ነው። በትልቅ ፊደል የሚጀምረው «ኢንቲጀር» ግን ቁጥሩን በውስጡ የያዘ ሣጥን ነው። ሁለቱ የእኩል ምልክቶች በሣጥኖች መካከል ሲቀመጡ የሚጠይቁት «ይዘታችሁ አንድ ነው?» ብለው ሳይሆን «ሁለታችሁ ያው አንድ ሣጥን ናችሁ?» ብለው ነው። ጃቫ የኮምፒውተሩን ማስታወሻ ለመቆጠብ ከ-128 እስከ 127 ላሉ ቁጥሮች ሣጥኖቹን አስቀድማ ሠርታ ታስቀምጣለች፤ በዚያ ወሰን ውስጥ 100 የሚለውን ሁለት ጊዜ ቢጠይቁ ያንኑ ሣጥን ስለምትሰጥዎ የማወዳደሩ ውጤት «እውነት» ይሆናል። ከ128 ጀምሮ ግን በየጊዜው አዲስ ሣጥን ሊሠራ ስለሚችል መልሱ «ሐሰት» ይሆናል። በሦስት ተጠቃሚ የሞከሩት ፕሮግራም ለዓመት ያህል ትክክለኛ መስሎ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

በሣጥኖች መካከል «ኢኩዋልስ» ይጠቀሙ፤ አንደኛው ባዶ ሊሆን የሚችል ከሆነ «ኦብጄክትስ.ኢኩዋልስ» ይሻላል። ይኸው ደንብ ጽሑፍ ለሚይዘው ዓይነት፣ ለስትሪንግም፣ ይሠራል። ኮዱ ውስጥ በጥቅስ የተጻፉ ሁለት አንድ ዓይነት ቃላት በ== ሲወዳደሩ እኩል መስለው ያሞኙዎታል፤ አንደኛው ከኪቦርድ ወይም ከፋይል የተነበበ ከሆነ ግን እኩልነቱ ይቀራል። ለሙከራ የምንመርጣቸው ቁጥሮችም ከዚህ ጋር ይያያዛሉ፤ ሁሉም ሰው 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይሞክራል፣ ችግሩ ግን የሚኖረው 127 እና 128 አጠገብ፣ ዜሮና ከዜሮ በታች፣ ባዶው ዝርዝር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ጽሑፍ የሚቀበል ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። አንዳንዱ ተጠቃሚ ጽሑፉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ እንደሚታየው ይናገራል፤ ዳታቤዙ ውስጥ ደግሞ በጥያቄ ምልክት የተሞሉ መዝገቦች አግኝቻለሁ፤ አንድ ፋይል ስከፍት ደግሞ ምንነቱ የማይታወቅ የላቲን ፊደል ይመጣል። ሦስቱም አንድ ችግር ናቸው?

መልስ፦ ሦስቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ በመልካቸው መለየት ከቻሉ ግማሹን ሥራ ጨርሰዋል።

ባዶ አራት ማዕዘን ከታየ ጽሑፉ ደኅና ነው። የጎደለው በተመልካቹ መሣሪያ ላይ ፊደላችንን የያዘ ፎንት ብቻ ስለሆነ ፎንቱን ከገጹ ጋር ይላኩለት።

የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ከታየ ጽሑፉ አልጠፋም፤ የተነበበው ግን በተሳሳተ ኢንኮዲንግ (ፊደላትን በቁጥር የሚወክል ደንብ) ነው። ዋናው የግእዝ ፊደላት ክፍል በዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ስምምነት) ከ1200 እስከ 137ኤፍ ባለው የአሥራ ስድስት መደብ ቁጥር ውስጥ ይገኛል፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት (አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው) ይወስዳል፣ የመጀመሪያዋ ባይትም ሁልጊዜ 225 ናት። ይህች 225 በቀድሞው የምዕራብ አውሮፓ ኢንኮዲንግ ሲነበብ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን «ኤ» ትሆናለች። ስለዚህ ያች ፊደል በየሦስተኛው ቦታ ብቅ እያለች ከታየች ከፊትዎ ያለው በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ አማርኛ መሆኑን አይጠራጠሩ። ፋይሉን በዚያ መልኩ መልሰው እንዳያስቀምጡት ብቻ ይጠንቀቁ፤ ዘግተው በዩቲኤፍ-8 ይክፈቱት። በፓይተን «ኦፕን» ሲጠቀሙ ኢንኮዲንጉን ሁልጊዜ በግልጽ ይጻፉ፤ ካልጻፉት በብዙ የዊንዶውስ ማሽኖች ላይ ሌላ ኢንኮዲንግ ሊገምትልዎ ይችላል።

የጥያቄ ምልክት ግን ክፉው ነው። ጽሑፉ ፊደላችንን ወደማያውቅ ኢንኮዲንግ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል በእውነተኛ የጥያቄ ምልክት ተተክቷል፤ የቀድሞው ፊደል ምን እንደነበረ የሚናገር ምንም ነገር አልቀረም። ከመጠባበቂያ ቅጂ ካልሆነ በስተቀር አይመለስም። የዳታቤዙን፣ የሠንጠረዡንና ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርበትን መስመር ኢንኮዲንግ ሦስቱንም ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሦስተኛው ነው። በማይኤስኪውኤል «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚባለውን ይምረጡ፤ በዚያ ዳታቤዝ «ዩቲኤፍ8» ተብሎ የኖረው ባለ ሦስት ባይቱ ለፊደላችን ቢበቃም ባለ አራት ባይት የሆኑትን ኢሞጂዎች አይቀበልም።

ርዝመትንም ይጠንቀቁ። «ሰላም» በፓይተንና በጃቫስክሪፕት ርዝመቱ 3 ነው፤ በሲ «ስትርሌን»፣ በጎ ደግሞ «ሌን» ሲጠየቁ 9 ይላሉ፤ እነሱ የሚቆጥሩት ባይት ነውና። በሲ 20 ባይት ያዘጋጁለት ስም ከስድስት ፊደል በላይ አይዝም፤ መዝጊያዋ ባይትም ቦታ ትፈልጋለች። በባይት ቆጥረው ከቆረጡ አንዱን ፊደል ለሁለት ሊሰነጥቁት ይችላሉ።

ፍለጋው ላይ ደግሞ «ዓለም» ብሎ የጻፈውን ሰው «አለም» ብሎ የሚፈልገው አያገኘውም። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ የሚያመጣ አነስተኛ ፈንክሽን ጽፈው ውጤቱን በተለየ ዓምድ ያስቀምጡ፤ ፍለጋው በእሱ ላይ ይሁን፣ ለተጠቃሚው የሚታየው ግን ራሱ የጻፈው ይሁን። በሰባቱም ቅርጽ ሄደው ሲጨርሱ ሀ እና ሃ፣ እንዲሁም አ እና ኣ በድምፅ አንድ መሆናቸውን አይርሱ። ጽሑፉን በዓረፍተ ነገር የሚከፋፍሉ ከሆነም አራት ነጥብን ብቻ አይፈልጉ፤ ብዙ ሰው የላቲኑን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስለዋል፤ ለዓይን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ምልክቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጃቫስክሪፕት 1፣ 5፣ 10፣ 25፣ 100 የሚሉትን ቁጥሮች ሲደረድር 1፣ 10፣ 100፣ 25፣ 5 አደረጋቸው። ቀንም ሳስገባ ወሩ አንድ ወር ወደፊት ይዘላል።

መልስ፦ «ሶርት» ሌላ ካልተነገረው ሁሉንም ወደ ጽሑፍ ቀይሮ እንደ መዝገበ ቃላት ይደረድራል፤ በመዝገበ ቃላት ሥርዓት 100 ከ25 ይቀድማል። የማወዳደሪያውን ደንብ ይስጡት፤ (ሀ, ለ) => ሀ - ለ ብለው በቅንፉ ውስጥ ቢጽፉለት ይበቃል። «ሶርት» ዋናውን ዝርዝር ራሱን እንደሚያዘበራርቅም ይወቁ፤ የቀድሞው ቅደም ተከተል የሚያስፈልግዎ ከሆነ አስቀድመው ይቅዱት።

ወሮችን በተመለከተ ጃቫስክሪፕት ጃንዋሪን 0 ብሎ ይጀምራል፣ ቀኖችን ግን ከ1 ይጀምራል። ለዚህ አጥጋቢ ምክንያት አልፈልግለትም፤ መሸከም ብቻ ነው። 2024፣ 1፣ 30 ብለው ቢያስገቡ ፌብሩዋሪ 30 ስለማይኖር ሳይቃወም ማርች 1 ይሰጥዎታል።

ጥያቄ፦ በኤስኪውኤል (ዳታቤዝ በሚጠየቅበት ቋንቋ) አንድም ግዢ ያልፈጸሙ ደንበኞችን ለማውጣት «መለያቸው በግዢዎች ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለ» የሚል ጥያቄ በ«ኖት ኢን» ጻፍኩ። እንዲህ ያሉ ደንበኞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ውጤቱ ግን ባዶ ነው።

መልስ፦ ግዢዎች በተመዘገቡበት ሠንጠረዥ ውስጥ የደንበኛ መለያው «ነል» የሆነ ቢያንስ አንድ መስመር አለ፤ ይፈልጉት፣ ያገኙታል።

በኤስኪውኤል «ነል» ማለት ዜሮም ባዶ ጽሑፍም አይደለም፤ «አይታወቅም» ማለት ነው። በዚህም የተነሣ ዳታቤዙ እውነትና ሐሰት ብቻ ሳይሆን «ያልታወቀ» የሚል ሦስተኛ መልስ አለው። ደንበኛ 7 ከ(5፣ ነል) ውስጥ የለም ወይ ብለው ሲጠይቁት «7 ከ5 ይለያል፤ እውነት። 7 ከማይታወቀው ይለያል ወይ? እሱን እንዴት ላውቅ እችላለሁ?» ይላል። እውነትና ያልታወቀ ተጣምረው ያልታወቀ ይሆናሉ፤ ዳታቤዙም «እውነት» የሆነውን መስመር ብቻ ስለሚያወጣ ማንም አይወጣም። አንድ «ነል» ሠንጠረዡን በሙሉ ዝም አሰኘው ማለት ነው። «ኖት ኢን»ን ትተው በ«ኖት ኤግዚስትስ» ቢጽፉት ይህ አይደርስብዎትም። ዓምዱ ባዶ መሆን የሌለበት ከሆነም ሠንጠረዡ ሲፈጠር «ኖት ነል» ብሎ መከልከሉ የተሻለ ነው። ባዶ የሆኑትን መስመሮች ሲፈልጉ ደግሞ «= ነል» ሳይሆን «ኢዝ ነል» ይበሉ፤ የመጀመሪያው መቼም እውነት አይሆንም።

ጥያቄ፦ አንድ ተጠቃሚ በስሙ ውስጥ ነጠላ የጥቅስ ምልክት ስላለ ቅጹን ሲሞላ ፕሮግራሜ ይሰናከላል። ምልክቱን ብከለክለውስ?

መልስ፦ አይከልክሉት፤ ሰውየው ውለታ ውሎልዎታል። ስሙን ከኤስኪውኤሉ ትእዛዝ ጋር በመደመር ምልክት እንደሚያጣብቁት አሳይቶዎታል። ሳያስብ የጻፈው ጥቅስ ትእዛዙን ከሰበረው፣ አስቦ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከጥቅሱ በኋላ የራሱን ትእዛዝ ሊያስከትል ይችላል። በትእዛዙ ውስጥ የዋጋውን ቦታ በምልክት ብቻ ይተዉና (በብዙ ላይብረሪዎች የጥያቄ ምልክት ነው) ዋጋውን ለብቻው ይላኩት። ያኔ ዳታቤዙ የመጣውን ሁሉ እንደ መረጃ ብቻ ያየዋል፤ ሰውየውም ስሙን እንዳለ ያስመዘግባል።

ጥያቄ፦ የሳምንቱን ቀናት ከ0 እስከ 6 ቆጥሬ ወደ ኋላ ስሄድ በፓይተን የሠራው ስሌት በጃቫ -1 ይሰጠኛል።

መልስ፦ -1ን ለ7 አካፍሎ ቀሪውን ሲያወጣ ፓይተን 6 ይላል፤ ጃቫ፣ ሲና ጃቫስክሪፕት ግን -1 ይላሉ። ቀሪው ላይ 7 ደምረው እንደገና የ7 ቀሪውን ይውሰዱ፤ በጃቫ «ማዝ.ፍሎርሞድ» ይህንኑ ይሠራልዎታል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወር በትክክል ይሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ተበላሽቷል። በመካከሉ ወደ 240 የሚጠጉ ኮሚቶች (የተመዘገቡ የኮድ ለውጦች) አሉ። አንድ በአንድ ልመርምራቸው?

መልስ፦ ስምንት ያህል መመርመር ይበቃዎታል። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ለዚሁ ሥራ «ባይሴክት» የሚባል ትእዛዝ አለው። «ጊት ባይሴክት ስታርት» ብለው ይጀምሩ፤ አሁን ያሉበትን «ባድ» ይበሉት፤ ይሠራ የነበረውን የቀድሞ ኮሚት መለያ ጠቅሰው ደግሞ «ጉድ» ይበሉት። ጊት መሀል ላይ ያለውን ኮሚት ያወጣልዎታል፤ ፕሮግራሙን አስኪደው ተበላሽቶ ከሆነ «ባድ»፣ ካልሆነ «ጉድ» ይመልሱለት። በየመልሱ የቀሩት በግማሽ ስለሚቀንሱ 240ው 120፣ 60፣ 30 እያለ ወርዶ ጥፋተኛው ብቻውን ይቀራል። ሲጨርሱ «ጊት ባይሴክት ሪሴት» ማለትን አይርሱ፤ አለበለዚያ አሮጌ ኮድ ላይ ቆመው መሥራት ይቀጥላሉ።

ችግሩን የሚፈትሽ አጭር ስክሪፕት ካለዎት ደግሞ «ባይሴክት ራን» ብለው ስክሪፕቱን ይስጡትና ሥራውን ለእሱ ይተዉለት፤ ስክሪፕቱ 0 ሲመልስ «ጉድ»፣ 1 ሲመልስ «ባድ» ብሎ ይረዳዋል፣ 125 ከመለሰ ያንን ኮሚት ይዘለዋል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ኮሚቶቹ ትናንሽ ከሆኑ ነው። የተገኘው ጥፋተኛ በ60 ፋይሎች ላይ 3,000 መስመር የቀየረ አንድ ኮሚት ከሆነ ፍለጋው ገና መጀመሩ ነው።

ጥያቄ፦ በባሽ (ትእዛዞችን በጽሑፍ ተቀብሎ በሚያስኬደው ፕሮግራም) የጻፍኩት የማጽጃ ስክሪፕት ስሙ ክፍተት ያለበትን ፋይል አያጠፋም፤ «የለም» ይለኛል። ፋይሉ ግን አለ።

መልስ፦ የፋይሉ ስም «የመጨረሻ ሪፖርት» ከሆነና ቫሪያብሉን ያለ ጥቅስ ምልክት ከጻፉት፣ ባሽ ክፍተቱ ላይ ቆርጦ «የመጨረሻ» እና «ሪፖርት» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች ይፈልጋል። እስካሁን «የለም» ማለቱ ዕድልዎ ነው፤ «ሪፖርት» የሚባል ሌላ ፋይል ቢኖር ኖሮ እሱን ያጠፋ ነበር። ቫሪያብሉን ሁልጊዜ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት።

ይህን ምክር የምሰጠው ከፍዬበት ነው። በአንድ ወቅት የጻፍኩት ስክሪፕት በመጀመሪያው መስመር በ«ሲዲ» ወደ ጊዜያዊው ፎልደር ይገባል፣ በሁለተኛው መስመር እዚያ ያለውን ሁሉ በ«አርኤም» ያጠፋል። የፎልደሩ ስም ክፍተት ስለነበረበት «ሲዲ» አልተሳካለትም፤ ባሽ ደግሞ አንድ መስመር ስላልተሳካ አይቆምም፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስለዚህ «አርኤም» የቆምኩበትን የራሴን የሥራ ፎልደር አጸዳልኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ትእዛዞች በ&& አገናኛቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው ካልተሳካ ሁለተኛው አይነሣም።

ጥቅስ ምልክት የማያድነውም አንድ ሁኔታ አለ። ቫሪያብሉ ባዶ ከሆነና ከኋላው /* ተጽፎ ከሆነ፣ ትእዛዙ ከዋናው ሥር ጀምሮ ያለውን ሁሉ አጥፋ የሚል ይሆናል። በስክሪፕቱ አናት ላይ «ሴት -ዩ» ይጻፉ፤ ያልተሰየመ ቫሪያብል ሲያገኝ ይቆማል። ተሰይሞ ባዶ የሆነውን ግን ያሳልፈዋል፤ ለእሱ በጥምዝ ቅንፉ ውስጥ ከቫሪያብሉ ስም ቀጥሎ :? ያክሉበት። ስክሪፕቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስኬዱትም «አርኤም» ከሚለው ቃል በፊት «ኤኮ» ብለው ይጨምሩና ሊያጠፋ ያሰባቸውን ስሞች በስክሪኑ ላይ ያንብቧቸው፤ ዝርዝሩ ያሰቡት ከሆነ ብቻ «ኤኮ»ን ያንሡት።